ከኮሎኝ ከተማ፥ ስለ ቢራውና ስለ አሳላፊው

ይድረስ ለተወደዱትና ለተከበሩት አጎቴ፤

ከምኖርበት ከሆላንድ አገር፥ በሮተርዳም ወደብ ከሚሠራው ወዳጄ ጋራ በባቡር ተሳፍሬ ወደ ኮሎኝ የሄድሁት፥ በዚያ ሕግ የሚማረውን የሠፈራችንን ልጅ ለመጠየቅና በዚያውም በታላቁ ካቴድራል አርፏል የሚባለውን የሰብአ ሰገልን ዐፅም ለመሳለም ነበር። ኮሎኝ ማለት፥ እርስዎ ማታ ማታ ቤተ ሰቡን ሁሉ ጸጥ አሰኝተው ያደምጡት የነበረው የጀርመን ድምፅ ራዲዮ በ2003 ወደ ቦን እስኪዛወር ድረስ ይተላለፍባት የነበረችው ከተማ ናት (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍልዎ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። የካቴድራሉ መሠረት የተጣለው በ1248 ሲሆን ሕንጻው የተፈጸመው በ1880 ነው፤ በመካከሉ ሥራው ተቋርጦ፥ ድንጋይ መሳቢያው እንኳ ከጅምሩ ግንብ ላይ ሳይወርድ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆሟልና፥ የእርስዎ ጅምር ቤት ጣሪያው ዘገየ ብለው አይዘኑ።

ዐፅሙ በ1164 በሊቀ ጳጳሱ በራይናልድ እጅ ከሚላኖ የፈለሰ ነው፤ ያረፈበትም ሣጥን በወርቅ የተለበጠ ነው። ከሰብአ ሰገል አንዱ የእኛው ንጉሥ ባዜን ነው የሚል ትውፊት ስላለ፥ የወደቡ ወዳጄ ከሣጥኑ ፊት እጅ ነሥቶ ሲያበቃ «እንግዲህ የመጣነው ዘመድ ቤት ነው» አለ። እስከዚህ ያለውን ለእናቴ ያንብቡላት፤ ከዚህ ወዲያ ያለው ግን ለእርስዎ ብቻ ነው።

ከካቴድራሉ ጥቂት እልፍ ብሎ፥ ኮልሽ የሚባለው የከተማይቱ ቢራ የሚቀዳበት ቤት አለ። ስለዚህ ቢራ በ1986 ሃያ አራት ጠማቂዎች ጉባኤ ተቀምጠው፥ በከተማይቱና በአካባቢዋ ካልተጠመቀ በቀር ማንም በስሙ እንዳይጠራው፥ የሚጠጣበትም ብርጭቆ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ሳይቀር ወስነው በፊርማቸው አጽንተዋል። ብርጭቆዪቱ እንደ ጧፍ ቀጥና ቀጠን ያለች፥ የሊትር አንድ አምስተኛ ብቻ የምትይዝ ናት። በጎረቤት ከተማ በዱሰልዶርፍ የሚጠመቀውን ጠቆር ያለ ቢራ በዚህ ቤት መጠየቅ ግልጽ ኑፋቄ መሆኑን የሕግ ተማሪው በር ላይ አስጠንቅቆናል።

አሳላፊውን በአገሩ ቋንቋ ኮቤስ ይሉታል። ሰማያዊ ሽርጥ የታጠቀ፥ ፊቱን ቋጥሮ የሚመላለስ ጎልማሳ ነው፤ መሐሉ ላይ እጀታ ባለው፥ ዙሪያውን ብርጭቆ በሚሰካበት ክብ ትሪ ቢራውን ተሸክሞ ይዞርና፥ ባዶ ብርጭቆ ባየ ጊዜ ምን ልታዘዝ ሳይል፥ ዓይንዎንም ሳያይ፥ ሙሉውን አኑሮ ብርጭቆው ባረፈባት ክብ ካርቶን ጠርዝ ላይ በእርሳስ አንዲት ጭረት ይጭራል። ካርቶኗን አንሥተው ብርጭቆው አፍ ላይ እስኪደፉ ድረስ አይተውዎትም። በእኛ አገር የጽዋ ማኅበር ሲሆን ደጋሹ ጋኑ አጠገብ ቆሞ በሞቴ፥ አፈር ስሆን እያለ ሲለምን፥ ጠጪውም በቃኝ እያለ ሲግደረደር ግማሹ ሌሊት ያልፋል፤ ኮቤስ ግን ይህን ሁሉ ልመናና መግደርደር በአንዲት ጭረት ገላግሎታል። በመጀመሪያ ነውር መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን እኛም ብንሆን በእርሳስ አንጭርም እንጂ፥ ማን በማን ድግስ ስንት ዋንጫ እንደ ጠጣና ማን ብድሩን እንዳልመለሰ፥ እትዬን ቢጠይቋት ከነቀኑ ትነግርዎታለች።

የወደቡ ወዳጄ ለቁልቢ ገብርኤል ተስሎ እስከ ታኅሣሥ 19 አልኮል አይቀምስምና ውሃ ለመነ። በዚያ ቤት ውሃ የሚያዝዝ ሰው መቀለጃ እንደሚሆን አላወቀም፤ ኮቤስም እንደ ልማዱ «ሳሙናና ፎጣም ላምጣልህ?» አለው። ወዳጄ ግን፥ በአባቱ ቤት ከማዕድ በፊት ልጆች በኩስኩስት ውሃ ይዘው ሲያስታጥቡ ያደገ ሰው ነውና፥ በባዕድ አገር እንዲህ ያለ ክብር በማግኘቱ ልቡ ተነክቶ፥ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ሁለት እጁን ዘረጋለት። ኮቤስ በሥራው ዘመን እንዲህ ያለ መልስ የገጠመው አይመስለኝም፤ ጥቂት ቆሞ አየውና፥ ሄዶ ውሃውን በጠርሙስ አመጣ፤ ፎጣም በክንዱ ላይ ነበረ።

ዋናው ነገር የመጣው ሒሳብ በምንከፍልበት ሰዓት ነው። እነዚህ ሰዎች ወንድማማች ቢሆኑ እንኳ እያንዳንዱ የጠጣውን ከፍሎ በሰላም ይለያያል። እኛ ግን ሦስታችንም ብር ይዘን ከወንበራችን ተነሣን፤ «እኔ እያለሁ!» «ኧረ ተው፥ ሞቼ እገኛለሁ!» የሚለው ክርክር ገና ሳይጋጋም፥ አንዲት ጠብታ ቢራ ያልቀመሰው ያ ስእለተኛ ሁላችንን ለመቅደም ጭረቶቹ ያሉባትን ካርቶን ከጠረጴዛ መንትፎ በካፖርቱ ውስጥ ኪስ ሸሸጋት። የሕግ ተማሪው ደነገጠ። ባለጭረቷ የቢራ ካርቶን በጀርመን ሕግ እንደ ውል ወረቀት ሰነድ ናት፤ ጭረቷን የፋቀ ሐሰተኛ ሰነድ በመሥራት፥ ካርቶኗን የደበቀ ሰነድ በመሰወር ይከሰሳል፤ ይህንንም መምህራን ለጀማሪ ተማሪ በምሳሌነት የሚያስተምሩት ነው፤ እያለ ሲያስረዳ፥ ከጎናችን የተቀመጡት ሽማግሌ ባልና ሚስት የራሳቸውን ካርቶን ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው ሳቡ።

ኮቤስ መጥቶ «ካርቶኗስ?» አለ። ስእለተኛው «አንተ ክፈል ካላልኸኝ አልሰጥህም» አለው፤ ኮቤስም ይህ ቃል ሲተረጎምለት ባለዕዳ አበዳሪውን የሚያስገድድበት አገር እንዳለ በዚያች ማታ ተማረ። በመጨረሻም ሦስት እጅ ሦስት የብር ኖት ሲዘረጋበት ፍርዱን ሰጠ፤ የስእለተኛውን በሒሳቡ፥ የእኔንና የሕግ ተማሪውን ደግሞ በጉርሻ ተቀብሎ፥ ማታውን ሙሉ ያልፈታውን ፊት ፈትቶ አመሰገነን። እኛም ክብራችን ሳይነካ ካፖርታችንን ስንደርብ፥ ኮቤስ ሦስት ሙሉ ብርጭቆ ይዞ ተመለሰና በአዲስ ካርቶን ላይ ሦስት ጭረት ጫረ።

የእርስዎው ታዛዥ ልጅዎ።