ክንፍ ያወጣችው ጀበና

የሪያዱ ግራፊክ ዲዛይነራችን «መነሻ ሐሳቤ ከተማዋ ናት» ይላል። አይዋሽም። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጠናቀቀውን፣ 302 ሜትር የሚረዝመውን ኪንግደም ሴንተር አንጋጦ ሲያይ፣ ቢራ እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ የተገተረ የጠርሙስ መክፈቻ ይታየዋል። የመስማክን የጭቃ ግንብ፣ የነጅድን ባለጌጥ በሮች፣ የኑር ሪያድን የመብራት ትርዒት ሳይቀር በስልኩ አንስቷል። ከዚያ ወደ መንፉሃ ሰፈር ይመለስና ምን ይሠራል? ጀበና! ለምግብ ቤቱ ጀበና፣ ለፀጉር ቤቱ ጀበና (ሹሩባ የተሠራች)፣ ለካርጎው ደግሞ ክንፍ ያላት ጀበና። ዐረብኛው ከቀኝ፣ አማርኛው ከግራ ተነሥተው መሃል ላይ ሲፋጠጡ ገላጋይዋም እሷው ናት። ደንበኛው ታፔላውን ትክ ብሎ አየና፣ «ቆንጆ ነው ወንድሜ፤ ጀበናዋን ግን ትንሽ ተለቅ አድርጋት» አለው።