ግጥሙን ዝለለው

ዋግ፣ ሰቆጣ ውስጥ አንድ ራፐር የቱ ዘፈኑ እንደተወደደለት ማወቅ የፈለገ ሰው፣ ዩቲዩብ ላይ ከሚደክም ሞባይል ቤት ገብቶ ሚሞሪ ቢያስሞላ ይሻለዋል። ለምሳሌ የራፐሩን የቴዲ ዮን ዘፈን ቢጠይቅ ጉራጌቶን ይጫንለታል። ሌላም እንዲጨመርለት ከፈለገ ባለሱቁ ቀና ሳይል «ዋናው እሱ ነው» ይለዋል። ከእሱ በፊት የገባውም ያንኑ ወስዷል፣ ከኋላው የቆመውም ያንኑ ይወስዳል። እንግዲህ ዘፈኑ ስለተወደደ ይጫናል፤ ስለተጫነም ይወደዳል። በተለይ ኔትወርክ በሚጠፋበት ሰሞን ከባለሱቁ ኮምፒውተር በላይ ሥልጣን ያለው ሙዚቃ አዋቂ በአገሩ የለም።

የሚገርመው ሌላ ነው። ራፐር የሚደነቅበት ምክንያት ግጥም ነው። ባጃጅ ውስጥ ሁለት ጎረምሶች «ቴዲ ዮ ይበልጣል»፣ «ኧረ ልጅ ሚካኤልን የሚያህል የለም» ሲባባሉ ብትሰሙ፣ መለኪያቸው «ግጥሙን አየኸው?» ነው። ግጥሙን በሉ ቢባሉ ግን ሁለቱም አዝማቹን ይወርዱታል። አዝማቹ አልቆ ራፑ ሲመጣ ቅዳሴ ያልተማረ ልጅ «አሜን» ላይ ብቻ ድምፁን ከፍ እንደሚያደርገው፣ መሃሉን አጉተምትመው የስንኙን ማሰሪያ በጩኸት ይደርሱበታል። በአራዳ ቋንቋ እየተጣደፈ የተነገረው ሁሉ ያልፋል። ሰውየው የተጨነቀበትን ዘልለው የተዝናናበትን ይወዱለታል።

ሠርግ ላይማ ቃል የሚባል ነገር አይፈለግም። ጉራጌቶን የጉራጌን ምት ከሬጌቶን ያዳቀለ ነውና እግር ይፈልጋል፤ የዋግ ሰው ደግሞ ጭፈራውን ያስቀመጠው ትከሻውና አንገቱ ላይ ነው። ዘፈኑ ሲከፈት ከወገብ በላይ አገው፣ ከወገብ በታች ጉራጌ የሆነ ሕዝብ ዳሱን ይሞላዋል። ጥግ የተቀመጡ አባት «ልጄ፣ ይሄ ሰው ማን ላይ ነው እንዲህ የተቆጣው?» ቢሉ የሚመልስላቸው አያገኙም። ቀልድ አይደለም፤ ግጥሙን ለመስማት የሞከሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ይኸው ሕዝብ አዝማሪ ፊት ሲቀመጥ ሌላ ሰው ነው። «ተቀበል» ብሎ የሰጠው ስንኝ አንድ ቃል ቢጎድልበት አዝማሪውን አስቁሞ ያርማል። ነሐሴ 16 የልጃገረዶች በዓል ሻደይ ሲገባ ልጃገረዶቹ ከበሯቸውን ይዘው ይመጣሉ። እጁን ኪሱ ውስጥ ያቆየ ሰው ቢሸነቁጡት ስንኟን አንዲት ፊደል ሳትጎድል እስከ መስቀል ያስታውሳታል። ጆሮ አልጠፋም ማለት ነው። ስማችን ያልተነሳበት ግጥም ነው የሚረዝምብን።

ልጆቹን እንዳልወቅሳቸው ግን ታሪክ ከእነሱ ጋር ነው። ሂፕሆፕ ተወለደ የሚባለው ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ነው። ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጅ የትምህርት ቤት ልብስ መግዣ እንዲሆናት ድግስ አዘጋጀች። መግቢያው ለሴት 25፣ ለወንድ 50 ሳንቲም ነበር። ሸክላ የሚያጫውተው ወንድሟ ዲጄ ኩል ሄርክ፣ ጨፋሪው የሚጠብቀው ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበትን ቦታ መሆኑን አስተውሎ ነበር። አንድ ዓይነት ሸክላ በሁለት ማጫወቻ እያፈራረቀ ያቺን ቦታ አስረዘማት። ጥበቡ ሲጀመርም ግጥም በመዝለል ነው።

እኛም ለዚህ ዓለም ያዋጣነው ዝምታ ነው። አሜሪካዊው ራፐር ናስ ከሬጌ ዘፋኙ ዴሚያን ማርሊ ጋር በ2002 ዓ.ም. ያወጣው አልበም «አዝ ዊ ኢንተር» በሚለው ዘፈን ይከፈታል። ሥሩ ያለው ዜማ የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ነው፤ አንድ ቃል የሌለበት፣ በመሣሪያ ብቻ የተጫወተው። ሁለቱ ድምፃውያን በላዩ ላይ ቃል አዘነቡበት፤ የእኛ ጎረምሳ ደግሞ ቃሉን ዘልሎ ዜማውን ያዘ። ታዲያ አንድ ቀን የሙላቱ ዜማ በሬዲዮ ሲመጣ «ይሄ ሽማግሌ ናስን ሰረቀው!» ብሎ ተነሳ። ሙላቱ የተጫወተው ከናስ አልበም ከ30 ዓመት በላይ ቀድሞ እንደሆነ ነገሩት። ትንሽ አሰበና፣

«ታዲያ ያኔ ከማን ሰርቆት ነው?»