ለጸባይኛ ብቻ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እኔ ከናፍቆትሽና ከቤዝመንቱ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ቤዝመንት ያልኩሽ ምድር ቤቱን ነው። ያንቺ ሰርቪስ ጓሮ ይቆማል፣ የእኔው መሬት ውስጥ ተቀብሯል። የባንኩን ዕዳ ትንሽ ይደግፈኛል ብዬ ላከራየው ተነሣሁ። ኮተቤ ያሉትን አራት ክፍሎች ሃያ ዓመት ስታከራዪ ስላየሁ «ምን ይከብዳል?» ብዬ ነበር። ከበደ።

መጀመሪያ እንጀራ የምገዛበት ሱቅ በር ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ባንቺ አጻጻፍ ጻፍኩ፦ «ለጸባይኛ ብቻ። ላጤ፣ ልጅ የሌለው፣ የማያመሽ፤ ሐበሻና ጾም የሚያውቅ ቢሆን ይመረጣል።» ልጄ አነበበችና ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቆመች። «አባዬ፣ ይኼ እኮ ለፖሊስ የሚሰጥ የእምነት ቃል ነው» አለችኝ።

እዚህ አገር ሰውን በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በመጣበት አገር ለይቶ ቤት መንፈግን የሚከለክለው ሕግ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ ነው። ልጅ ያለውን መከልከል አይቻልም የሚለው እ.ኤ.አ. በ1988 ተጨመረ። «ላጤ» የሚለውን ደግሞ የሜሪላንድ ሕግ አይወድም። እንደ እኔ የሚኖርበትን ቤት ከፍሎ ለሚያከራይ የፌዴራሉ ሕግ ጥቂት ይራራል፤ ማስታወቂያ ላይ ግን ምሕረት የለውም። ልጄ ስትሰርዝ ስትሰርዝ «ለጸባይኛ ብቻ» የሚለው ብቻ ቀረ። «እሱንስ ተይልኝ» ብላት «ጸባይኛ አይደለሁም የሚል ሰው አይተህ ታውቃለህ?» ብላ እሱንም ሰረዘችው። ተናደድኩ፤ ኋላ ግን እኔ ራሴ እንግዳ ሆኜ በመጣሁ ጊዜ ስሜን በስልክ ሰምቶ «ቤቱ ተይዟል» ያለኝ አከራይ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

ቀጥሎ ፎቶ መጣ። እዚህ ቤት ፈላጊ ደላላ ተከትሎ አይዞርም፤ በስልኩ ያይና ፎቶው ካልጣመው በአውራ ጣቱ ገፍቶሽ ያልፋል። እኔ ባነሣሁት ፎቶ ላይ ሁለት ጆንያ ጤፍ፣ የተሰጣ በርበሬና የክርስትና ድግስ ድስት ነበሩ። ልጄ ሁሉንም አስወጥታ፣ መጋረጃውን ገልጣ፣ መብራቱን አብርታ በጠዋት አነሣችው። ፎቶውን ሳየው እኔው ልከራየው ቃጣኝ። ጽሑፉም አጠረ፦ የራሱ መግቢያ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ ከቀይ መስመር ባቡር ጣቢያ በእግር 12 ደቂቃ። እኔ 8 ልል ነበር፤ ሰዓት ይዛ አስኬደችኝ።

መስኮቱም መስኮት ስለሆነ ብቻ አያልፍም። ክፍሉ መኝታ ቤት እንዲባል እሳት ቢነሣ ሰው የሚሾልክበት መሆን አለበት፤ የታችኛው ጠርዙም ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ፣ ማለትም ከአንድ ሜትር ከ12 ሳንቲም ገደማ በላይ እንዲርቅ አይፈቀድም። የካውንቲው ፈቃድም አለ። ተቆጣጣሪው ሜትር ይዞ በሩ ላይ ሲቆም፣ አባታችን በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 «ትርፍ ቤት» ሊመዘግብ የመጣውን ሰው የተቀበሉበት ፊት እኔም ላይ መጣ። ይኼኛው ግን ለክቶ፣ ፈርሞ፣ ቤቱን ለእኔው ትቶ ሄደ።

ማስታወቂያው እንደወጣ መጀመሪያ የጻፈልኝ ሰው ቤቱን ሳያየው ወደደው። «ለጊዜው ሌላ አገር ነኝ፤ ቼክ እልካለሁ፤ ከኪራዩ የተረፈውን ለዕቃ አመላላሹ ላክልኝ» አለ። ቼኩ መጣ፣ ገንዘቡም ሒሳቤ ላይ ታየ፤ እኔም ስለት ላስገባ ነበር። ባንክ የሚሠራ ወዳጄ «እንዳትነካው! ሐሰተኛ ቼክ የሚነቃበት ከቀናት በኋላ ነው፤ ያንተ ገንዘብ ግን አንዴ ከሄደ ሄደ» አለኝ። እውነትም በሳምንቱ ቼኩ ውድቅ ሆነ። ቤት ሳያይ የሚከፍል ወይ ቅዱስ ነው ወይ ሌባ፤ ቅዱሳን ደግሞ ቼክ አይጽፉም።

አንቺ ተከራይ የምትመርጪው ቡና አፍልተሽ ነው፤ በረካው ሳይደርስ የማን ልጅ እንደሆነና ለምን እስካሁን እንዳላገባ ታወጣጪዋለሽ። እዚህ የሚናገረው ወረቀት ነው። ክሬዲት የሚሉት ነጥብ ከ300 እስከ 850 ይሄዳል፤ ሰውየው ዕዳውን በጊዜው መክፈሉን ይነግርሻል፣ እናቱን መጦሩን ግን አይነግርሽም። ገቢው የኪራዩ ሦስት እጥፍ ይሁን ካልሽ ለመጣው ሁሉ ያንኑ ማለት አለብሽ። ማስያዣውም እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በሜሪላንድ ከአንድ ወር ኪራይ አይበልጥም። እናንተም ዘንድ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል፤ አንቺ ግን... ልተወው፣ ደብዳቤ ሰው እጅ ይገባል።

አንዱ አመልካች የአሁኑን አከራዩን ስልክ ሰጠኝ። ደወልኩ። «መልአክ ነው! ዛሬውኑ ውሰደው!» አለኝ። ጥድፊያው አላማረኝም። ከእሱ በፊት የነበረውን አከራይ አፈላልጌ ብደውል «አገኘኸው? የት ነው ያለው? የሦስት ወር ኪራይ አለበት!» አለ። በቅሎዋን ለማወቅ ሻጩን ማን ይጠይቃል? ቀድሞ የወደቀ ነው የሚጠየቀው።

በመጨረሻ አንዲት ነርስ ተገኘች። ነጥቧ 790፤ ሌሊት ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች፤ ኪራዩን ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ትከፍላለች። ደስታዬ ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን «ጠዋት ጠዋት ከላይ የሚወቀጠው ነገር ምንድን ነው?» የሚል መልእክት ላከችልኝ። እትዬ፣ ቡናዬ ነው! ስቆላው ደግሞ የጭስ ደወሉ ይጮኻል፤ የእኔ ሲጮኽ የእሷም አብሮ ይጮኻል። ይኸው አሁን በገዛ ቤቴ በካልሲ እሄዳለሁ፤ ቡናዬን ብርድ ላይ ቆሜ ጓሮ እቆላለሁ። ማሞቂያዋ ሲበላሽ በማግስቱ አስጠገንኩ፤ ደግ ሆኜ እንዳይመስልሽ፣ ትለቅብኛለች ብዬ ፈርቼ ነው። ውሉ ዓመት ሲሞላው «ትቀጥያለሽ?» ስላት ድምፄ ተንቀጠቀጠ። «እስቲ አስብበታለሁ» አለች። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሦስተኛው ቀን ፈረመች።

ያኔ ነው ያንቺ ነገር የገባኝ። ጓሮ ያለው መምህር አንቺ ዘንድ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የራስሽ ሳሎን እያፈሰሰ ክረምት ሳይገባ ለእሱ ክፍል አዲስ ቆርቆሮ ስትገዢ «ለተከራይ?» ብዬ በስልክ ስቄብሽ ነበር። «ደላላ ከቆርቆሮ ይወደዳል» ብለሽ ዘጋሽብኝ።

ሰሞኑን የላክሁልሽ ገንዘብ ለሳሎንሽ ጣሪያ ነው። መምህሩን ሰላም በይልኝ። ሌላውን ወሬ በስልክ አልነግርሽም፤ ነርሷ ታች ተኝታለች።

ወንድምሽ