በሬ ወይስ ሳውንድ ካርድ

ወላይታ ውስጥ ባል ለበሬ፣ ሚስት ለቅቤ ይቆጥባሉ። መስከረም ላይ ጊፋታ ሲደርስ በማኅበር የተገዛው በሬ ይታረዳል፣ ሥጋው ይከፋፈላል፣ ዳጣው ይዘጋጃል፤ ሳይቆጥብ የከረመ ሰው በዓሉን አንገቱን ደፍቶ ይውላል። ሶዶ ከተማ፣ ዳሞታ ተራራ ሥር የሚኖር አንድ መምህር ግን ከበሬው ቁጠባ ሌላ ሁለተኛ ቁጠባ ነበረው። ለሳውንድ ካርድ፣ የማይክን ድምፅ ወደ ኮምፒውተር ለሚያስገባው መሣሪያ። ሚስቱ ስለዚህኛው የሰማችው ከጎረቤት ነው።

የመምህሩ ስቱዲዮ ቀድሞ ጓዳ የነበረች ክፍል ናት። አንድ ግድግዳ ላይ ፍራሽ ቆሟል፣ በሩ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ተሰቅሏል፣ ሌላው ግድግዳ የእንቁላል ትሪ ለብሷል። (የእንቁላል ትሪ ድምፅ ያግዳል የሚለው ወሬ በየአገሩ አለ። የጎረቤት ዶሮ ግን አንድም ቀን አምኖበት አያውቅም።) ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ክረምት ላይ ቀረጻ የሚካሄደው ሰማዩ ሲፈቅድ ብቻ ነው። የራሱን ካርድ እስኪገዛ ድረስ የሠራው ሁለት ማይክ በምትቀበል የውሰት ካርድ ነበር፤ ለአንድ ዘፋኝና ለአንድ ክራር ከበቂም በላይ ናት።

ነገር የመጣው አንድ የመዘምራን ቡድን ለመቀረጽ ሲመጣ ነው። ወላይታ ሚስዮናውያን በ1928 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከገቡበት ጊዜ ወዲህ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የበዙበት አገር ነው፤ መዘምራንም እንደዚያው። መምህሩ ጣቱን አጥፎ ቆጠረ፦ ከበሮ አንድ፣ ክራር ሁለት፣ ቤዝ ሦስት፣ ኪቦርዱ በግራና በቀኝ ሲገባ አምስት፣ ሦስት መሪ ዘማሪ ሲጨመር ስምንት። ስለዚህ ስምንት ኢንፑት።

እዚህ ላይ ፎከስራይት ስካርሌት 18አይ20 የሚባለውን ካርድ አየ። አሥራ ስምንት መግቢያ! አሥሩ ትርፍ! ሌሊቱን ሙሉ በትርፎቹ ምን እንደሚያደርግ ሲያስብ አደረ። ጠዋት ዝርዝሩን ረጋ ብሎ ሲያነብ ግን የማይክ ገመድ የሚሰካባቸው ስምንት ብቻ ሆነው ተገኙ። ሌሎቹ ስምንቱ ኤዳት በሚባል የብርሃን ገመድ በኩል፣ በሌላ ብር ከሚገዛ ሌላ መሣሪያ የሚመጡ ናቸው። የቀሩት ሁለቱም የዲጂታል መስመር ናቸው። ፋብሪካው አልዋሸም፤ ሁሉንም በግልጽ ጽፎታል። በመምህሩ ሒሳብ ግን ነገሩ በቅርጫ ሥጋ ላይ ገና ያልተወለደውን ጥጃ አብሮ እንደመቁጠር ነው።

ቀጥሎ የመጣው ምክር ከአንድ የድምፅ ባለሙያ ወጣት ነበር። «ቲቸር፣ ምን አስጨነቀዎት? ዩኤስቢ ያለው ሚክሰር ይግዙ፤ ስምንት ቻናል፣ በግማሽ ዋጋ።» መምህሩ ያገለገለ ሚክሰር ገዛ። መዘምራኑን አቆመ፣ ስምንቱንም ሰካ፣ ቀዳ። ላፕቶፑን ሲከፍት የጠበቀው ስምንት ትራክ ነው፤ ያገኘው ሁለት፣ ግራና ቀኝ። ብዙዎቹ ርካሽ የዩኤስቢ ሚክሰሮች ወደ ኮምፒውተር የሚልኩት የተቀላቀለውን ስቴሪዮ ብቻ ነው። ከበሮው ጮኾ ነበርና ዝቅ ላድርገው ቢል ዘማሪዋም አብራ ዝቅ አለች። ፍትፍት ከተፈተፈተ በኋላ በርበሬውን ልቀም እንደማለት ነው። ሚክሰሩ ለአንድ የሠርግ ዲጄ ተሸጠ፤ እዚያ ማንም ስለ ትራክ አይጠይቅም።

መብራትም አለ፤ ይልቁንም አንዳንዴ የለም። የተለመደው የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ በደንቡ የሚሰጠው 5 ቮልትና 500 ሚሊአምፔር ነው። ትንሿን ካርድ ይህ ይበቃታል። ስምንት ማይክ አጉልቶ፣ ለኮንደንሰር ማይኮቹ ደግሞ 48 ቮልት የፋንተም ኃይል የሚያከፋፍለው ትልቁ ካርድ ግን ከግድግዳ ካልተሰካ አይነሳም። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ካርዱ ያንቀላፋል። መምህሩ ይህን የተማረው በውሰት ባመጣው ትልቅ ካርድ፣ በሦስተኛው አዝማች ላይ፣ ዘማሪዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳሉ ነው። እነርሱ ስላላዩ እስከ መጨረሻው ዘመሩ። በሕይወታቸው ከዚያ የተሻለ ዘምረው አያውቁም ይላል።

እንዲህ ሲያማርጥ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። መንግሥት የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። በቁጠባ ሳጥኑ ያለው ብር አልጎደለም፤ ካርዱ ግን ከሳጥኑ ሸሸ።

በዚህ ጊዜ መጽናኛ ፍለጋ ወደ ታሪክ ዞረ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በፊት በርሊን ላይ ዘፈን ሲያስቀርጹ ማይክሮፎን የሚባል ነገር በቀረጻ ቤት አልነበረም። ድምፅ የሚገባው በአንድ ሰፊ ቀንድ ነው፤ መርፌው ሰም ላይ ይጭረዋል። ኢንፑት አንድ፣ እርሱም ሶኬት የለውም። ቢትልሶች በ1967 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሳርጀንት ፔፐር የተባለውን አልበም የሠሩት በባለ አራት ትራክ ማሽን ነው። መምህሩ ይህን ለሚስቱ ነገራት። «ታዲያ እነሱ በአራት ከሠሩ አንተ ስምንት የፈለግኸው ከእነሱ በልጠህ ነው?» አለችው።

መልስ አጣ፤ ስለዚህ እንደገና ጣቱን አጠፈ። የዚህን ጊዜ የጠየቀው ስንት መሣሪያ አለ ብሎ ሳይሆን በአንድ ጊዜ የግድ አብሮ መቀዳት ያለበት የቱ ነው ብሎ ነው። ቤዙና ኪቦርዱ በኋላ ለብቻቸው ሊገቡ ይችላሉ። መዘምራኑ ግን እርስ በርስ ካልተያዩ አይዘምሩም፤ በክብ ቆመው በሁለት ማይክ ቢቀዱ ይሻላቸዋል። ከበሮና ክራር ሲጨመር አራት። ከላፕቶፑ ኃይል እየወሰደ የሚሠራውን ኦዲየንት ኢቮ 8 ገዛ። ስሙ ላይ ያለው 8 አራት መግቢያና አራት መውጫ ሲደመሩ ነው፤ አሁን እንዲህ ያለ ሒሳብ አያስደነግጠውም። የበሬው ገንዘብ አልተነካም ይላል። ሚስቱ በዚህ ጉዳይ ላይ አስተያየት አትሰጥም።

ከጊፋታ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ዝናቡ አባራ ሲል፣ መዘምራኑ ገቡ። ከበሮ መቺው በሩ አጠገብ ፊቱን ወደ ብርድ ልብሱ አዙሮ ተቀመጠ። አራት ኢንፑት ቢኖርም የማይክ መቆሚያ ሦስት ብቻ ስለነበር አራተኛው ማይክ በፕላስተር ከመጥረጊያ እንጨት ጋር ታስሮ፣ እንጨቱ በጤፍ ጆንያ መሐል ተተከለ። ሁለተኛው መዝሙር ግማሽ ላይ ሲደርስ በሩ ተከፈተ። «እንግዳ እየመጣ ነው፣ መጥረጊያዬ የት ገባ?» አለች ሚስቱ።

ማታ ከቀረጻው ሊያጠፋት ተቀመጠ። እያንዳንዱ ማይክ ለብቻው ስለተቀዳ ቀላል መስሎት ነበር። ከመጥረጊያው ማይክ ላይ ቆርጦ ሲያወጣት ክራሩ ላይ አለች። ከክራሩ ሲያወጣት ከበሮው ላይ፣ በሩ አጠገብ ስለነበረ እንዲያውም ጎላ ብላ። የመዘምራኑን ማይክ ከፍቶ ሰማ፤ እዚያም «መጥረጊያዬ» ትላለች። በአራቱም ኢንፑት ገብታለች።