የዘገየ ሻንጣ ለጎንደር ጉብኝት ያለው አስተዋጽኦ

ጎንደርን ማን ይጎበኛታል ለሚለው ጥያቄ የተሰጡት መልሶች ሁሉ አንድ የጋራ ጉድለት አለባቸው፤ ሻንጣን ከቁጥር አያስገቡም። ለሰሜን ተራሮች ሀይኪንግ የሚመጣ መንገደኛ፣ ከዋሽንግተንም ይነሳ ከፍራንክፈርት፣ ገና አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወርድ ልቡ ደባርቅ ገብቷል። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፣ ስካውቱም በቅሎውም የሚገኙት እዚያ ነው፤ መኪናው ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ሆቴሉ በር ላይ ቆሟል። (መንገዱ ሰላም የሆነበትን ጊዜ ነው የምናወራው፤ ሰላም ከሌለ ሻንጣም ሰውም እኩል ይዘገያሉ።) ዩኔስኮ የሰሜን ተራሮችን ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ፋሲል ግቢን በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። መንገደኛችን ግን ለ1978ቱ ሲሮጥ የ1979ኙን በመኪና መስኮት ይሰናበተዋል። ከዚህ ሥርዓት የሚያፈነግጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፦ ሻንጣው ያልደረሰለት። ስለዚህ ለጎንደር ጉብኝት ከብሮሹርም፣ ከማስታወቂያም፣ ከአስጎብኚም በላይ የደከመ ባለውለታ ካለ የዘገየ ሻንጣ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል።

ሻንጣ ደግሞ እንዲሁ በዘፈቀደ አይዘገይም። በዘርፉ የሚወጡ ዘገባዎች እንደሚሉት ትልቁ ምክንያት አውሮፕላን መቀየር ነው፤ ሰውየው ሮጦ ይደርሳል፣ ሻንጣው ግን የሚያሮጠውን ሰው ይጠብቃል። ከሩቅ አገር የተነሳ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ ሳይቀይር ጎንደር ስለማይደርስ ከተማዋ በዚህ ረገድ ጥሩ ቦታ ላይ ናት ማለት ነው። አሳሳቢው የቁጥሩ አካሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በዓለም ዙሪያ ከሺህ መንገደኛ ወደ 19 የሚጠጋ ሻንጣ ይስተጓጎል ነበር፤ በ2023 ወደ 7 ወርዷል። ሌላው ዓለም ይህን መሻሻል ይለዋል።

ሻንጣው የቀረበት እንግዳ መጀመሪያ የሚጎበኘው ግንብ ሳይሆን ቅጽ ነው። የሻንጣ ሥዕሎች በየዓይነቱ የተደረደሩበት አንድ ሉህ ይቀርብለትና የትኛውን ይመስላል ተብሎ ይጠየቃል። ቀለሙስ? ጥቁር። ጎማ አለው? አለው። በዚህ መግለጫ ቀበቶው ላይ ከሚዞሩት ሻንጣዎች ግማሹን መውሰድ ይቻላል። ዲያስፖራው ብልህ ነውና እጀታው ላይ ቀይ ሪባን ማሰሩን በኩራት ያስመዘግባል፤ ሠራተኛዋም ሪባን ያላሰረ ዲያስፖራ ገጥሟት ስለማያውቅ ቀና ሳትል ትጽፋለች። መጨረሻ ላይ አሥር ፊደልና አሃዝ ያለባትን ቁራጭ ወረቀት እንደ ክታብ ይዞ ይወጣል። አብራው የምትወጣው «ነገ በሚመጣው በረራ ይደርሳል» የምትለው ዓረፍተ ነገር ናት። የጎንደር ጉብኝት የሚጀመረው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። «አይመጣም» ቢሉት ጥሎት ወደ ተራራው ይሄድ ነበር፤ «ነገ» ስላሉት ግን ስልክ ከማይሠራበት ገደል መሄድ አይችልም፤ ባጃጅ ከሚመልሰው ርቀት በላይም አይሄድም። ባጃጅ በሚመልሰው ርቀት ውስጥ ያለው ደግሞ ፋሲል ግቢ ነው።

በትናንት ሸሚዙ ፋሲል ግቢ የገባው ሰው ከሌላው ጎብኚ አንድ ነገር አብልጦ ያያል። ከአፄ ፋሲል (እ.ኤ.አ. 1632–1667) በፊት የነበረው ቤተ መንግሥት በአብዛኛው ድንኳን ነበር፤ ንጉሡ ሲነሳ መኳንንቱ፣ ታቦቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ በቅሎው፣ አገልጋዩ ሁሉ አብሮ ይነሳል። ጎንደር የተቆረቆረችበትን ምክንያት የታሪክ ሊቃውንት ከሃይማኖት ብጥብጥም፣ ከንግድም፣ ከአየር ጠባይም ጋር ያያይዙታል፤ ጓዝ የሰለቸው መንግሥት መሆኑን አጥብቆ የሚያስረዳ ግን ጓዙን ያጣ ሰው ነው። የቀረውንም ግቢው ራሱ ይመሰክራል። ጓዝ ካልተጓዘ ይበዛልና፣ አፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍታቸውን፣ አድያም ሰገድ ኢያሱ ግንባቸውን፣ ዳዊት የዘፈን ቤታቸውን፣ በካፋ አዳራሻቸውን፣ እቴጌ ምንትዋብ የራሳቸውን እየጨመሩ አንዱ በሌላው ጎን ገነቡ፤ የአባት ቤት ለልጅ የበቃበት ጊዜ ጥቂት ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሲገባ ነገሩ ይጠልቃል። ሌላው ቱሪስት አንገቱን ቀና አድርጎ የጣሪያውን መላእክት ይቆጥራል፤ እሱ ግን ሁሉም ፊትና ክንፍ ብቻ መሆናቸውን ልብ ይላል። አካል የላቸውምና ሸሚዝ አይሹም፣ ካልሲ አይቀይሩም። የፋሲል መዋኛም ውኃ የሚሞላው ለጥምቀት ስለሆነ ባዶውን ያገኘ ሁሉ ያማርራል፤ የዋና ልብሱ ሻንጣ ውስጥ የቀረበት ሰው ግን በዚህ ረገድ የሚያነሳው ቅሬታ የለም።

መቃወሚያ የሚያቀርቡ አሉ። ዋናው፣ «የጎደለውን ከቅዳሜ ገበያ ገዝቶ ለምን አይሄድም?» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ጋቢው አለ፤ ተራራው ላይ ላለው ለሳንቃ በር ማደሪያ ብርድ ደግሞ ከጋቢ የሚሻል ልብስ መኖሩን እጠራጠራለሁ። አየር መንገድም አስፈላጊ የሆነውን ግዢ በደረሰኝ ይተካል፤ የቅዳሜ ገበያ ጋቢ ሻጭ ደረሰኝ መቁረጥ አለመቁረጡን አንባቢ ያውቀዋል። ድንኳንና የመኝታ ከረጢት በኪራይ ይገኛል። ይቀራል የሚባለው ጫማው ነው፦ ውኃ የማያስገባ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ለወራት ቤት ውስጥ ሲለማመዱበት የከረሙት ጫማ። ነገር ግን ከፊቱ የሚሄደው ስካውት ክላሽ ተሸክሞ ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነውን ራስ ዳሸንን የሚወጣው በኮንጎ ጫማ ነው። ተቃዋሚው እዚህ ላይ ያሸነፈ ይመስለዋል። ያለ ሻንጣ መውጣት ይቻል ነበር ካለ ግን፣ ሰውየው ጎንደር የቀረው ተገዶ ሳይሆን ወዶ ነው ማለቱ ነው፤ ሻንጣው ምክንያት ሆነለት እንጂ አልያዘውም። አንድ ከተማ ለጎብኚዋ ከዚህ የተሻለ ምን ልታደርግለት ትችላለች? «ልቡ ስልኩ ላይ ስለሆነ አያይም» የሚለውን መቃወሚያ በአጭሩ እናልፈዋለን፤ ሻንጣው የደረሰለት ሰው ልቡ የት እንደሆነ ቀደም ብለን አይተናል። ሐኪሞችም ከሻንጣው ጎን ናቸው። ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ካላለ ከተማ የመጣ ሰው ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው ሳንቃ በር ከማደሩ በፊት መሀል ላይ አንድ ሁለት ሌሊት ቢያርፍ ይመከራል፤ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ሐኪሙን ማንም አይሰማውም፤ ሻንጣውን ግን ይሰሙታል።

ከባዱ ጥያቄ የጊዜ ገደቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በሞንትሪያል በተፈረመው ስምምነት መሠረት አጓጓዡ ራሱ ጠፍቷል ብሎ ካላመነ በቀር ሻንጣ እንደ ጠፋ የሚቆጠረው በ21 ቀን ውስጥ ካልደረሰ ነው፤ እስከዚያ የዘገየ ይባላል፣ ባለቤቱም ጠባቂ ነው። የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ በትውፊት 44 ናቸው። አንድ ጠባቂ ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ቢሳለም (ከዚህ በላይ ማለት ሩጫ ነው፣ ሩጫ ደግሞ የሻንጣ ባለቤቶች ጠባይ ነው) በ21 ቀን 42ቱን ያዳርሳል። ሁለት ይቀሩበታል። ስምምነቱ የካሳው ጣሪያ በየአምስት ዓመቱ እንዲከለስ ያዛል፤ በዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት መለኪያ ከ1,000 ተነስቶ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ 1,519 ደርሷል። ክለሳው ቀኑን ግን አይነካም። ጎንደር አቤት የምትል ከሆነ የገንዘብ ጥያቄ የላትም፤ የምትጠይቀው አንድ ቀን ነው።