መኪናዬ በጣሊያንኛ ታመመች

ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ዳገቱን ስንወጣ ነው። «ቋ» አለ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከኋላ የጫንነው ጤፍ ተንሸራቶ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይቶ «ቋ ቋ ቋ» ሲል ግን ጤፍ እንዲህ እንደማይጨቀጭቅ ገባኝ። «የምን ድምፅ ነው?» አልኳት ባለቤቴን። ከደብረ ሲና የገዛነውን ቆሎ እየቆረጠመች ነበርና «እኔ ነኝ» አለችኝ። የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ መስኮት ከፍቼ ጆሮዬን ቀሰርኩ። ዝም። ደብረ ብርሃን ዝም፣ አዲስ አበባ ድረስ ዝም።

በማግስቱ ሃይሉክሷን ይዤ ወደ መካኒኬ ሄድኩ። ከበኩር ልጄ በዕድሜ የምትበልጥ ፒካፕ ናት። እሱ ፊት ስትደርስ እንዳዲስ ሙሽራ አንገቷን ደፋች፤ የተለመደው የናፍጣ ሞተር ጉርምርምታ እንጂ ሌላ ነገር የለም።

«እስቲ ድምፁን ያሰሙኝ፣ ጋሼ» አለኝ።

«ቋ» አልኩት በአፌ።

«ደረቅ ቋ ነው ወይስ እንደ ጧ ያለ?»

ጎልማሳ ሰው ጋራዥ መሃል ቆሞ ቋና ጧን እያፈራረቀ ሲጮህ አስቡት። ረዳቱ ልጅ ሳቁን ኮፈኑ ስር ደበቀ። መካኒኬ ግን ፊቱ አልተፈታም፤ ረጅሙን ካቻቢቴ አንስቶ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግፎ፣ ዓይኑን እንደ ንስሐ አባት ጨፍኖ አዳመጠ። ሞተሩ አልተናዘዘም።

ሰፈራችን ከዚያ በኋላ የሕክምና ቦርድ ሆነ። ጡረታ የወጣው ሾፌር ጎረቤቴ «ቢዬላ ነው፣ ሞተር ይወርዳል» አለ፤ አነጋገሩ ውስጥ ደስታም ነበረበት። የባለቤቴ ወንድም ኩሽኔታ ላይ ፈረደ፣ አንድ የማላውቀው መንገደኛ ደግሞ ቆም ብሎ «ማርሚታው ነው» ብሎኝ አለፈ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ሲባረር የመኪናውን ዕቃ ስም ትቶልን ሄዷል፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞተሪኖ። ለዚህ ነው መሰለኝ መኪናዬ ስትታመም በጣሊያንኛ፣ ስትታከም ደግሞ በብዙ ብር የሆነው። እናቴ ብቻ በአማርኛ መረመረቻት። «አጥበህ አጥበህ ደጅ ትገትራታለህ፤ ዓይን በላት!»

እውነቱን ለመናገር የናፍጣ ሞተርን «ቋ አለ» ብሎ መክሰስ ራሱ ያስቸግራል። እንደ ቤንዚኑ በካንዴላ እሳት አይጫርለትም። አየሩን በብዙ እጥፍ ጨምቆ ያግለዋል፤ ኖዝሉ ናፍጣ ሲረጭበት በገዛ ግለቱ ቦግ ይላል። መንቋቋት ሥራው ነው። የትኛው ቋ ጤና፣ የትኛው በሽታ እንደሆነ የሚለየው ጆሮ ነው። ተሰውሮ ማስቸገሩንም ቢሆን ከአባቱ ነው የወረሰው፤ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በመስከረም 1913 ወደ እንግሊዝ በመርከብ ሲሻገር፣ በጠዋት ቀስቅሱኝ ብሎ ክፍሉ ገባ። ሲነጋ ሰውየው የለም።

ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። እኔ ለብቻዬ ዳገት ስወጣ ቋ፣ መካኒኬን ጎኔ አስቀምጬ ያንኑ ዳገት ስወጣ ዝም። ጥርሱን ያመመው ሰው ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርስ እንደሚሻለው ማለት ነው። መካኒኬ ግን አልተናደደም፤ ዝም ብሎ አየኝ እንጂ። እኔ ይብስ ተናደድኩ።

በመጨረሻ የናፍጣውን ፊልትሮ ከሥሩ ፈታና የወረደውን በጠርሙስ ተቀበለ። ፊልትሮውን መልሶ ገጥሞ ሞተሩን አስነሳና ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ አንስቶ አሳየኝ። ከላይ ናፍጣ፣ ከታች ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ፣ ከውሃው ሥር ደግሞ ቡና አተላ የመሰለ ዝገት።

«ኖዝል ውስጥ ይሄ ሲገባ መርፌው አንዴ ይያዛል፣ አንዴ ይለቀቃል። ሲያዝ ነው ቋ የሚለው» አለኝ። ከዚያ ጠርሙሱን ሳያወርድ፣ «ይሄን ከየት ነው የቀዱት፣ ጋሼ?»

በዚያ ጉዞ የማደያው ሰልፍ እስከ ከተማው መውጫ ተዘርግቶ ነበር። መንገድ ዳር አንድ ልጅ ነበር። ቢጫ ነገር ይዞ ነበር። ባለቤቴ «ተው» ብላኝ ነበር።

«ከማደያ ነዋ!» አልኩ።

ሞተሩ «ቋ!» አለ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ለሰው ያልተነፈሰ ሞተር፣ ጋራዡ መሃል፣ ምስክር ባለበት! «ቋ! ቋ! ቋ!» ረዳቱ ልጅ የ17 ቁልፍ ይዞ ሮጠ። የመጀመሪያውን ኖዝል ቱቦ ላላ አደረገ፤ ቋቋታው አልቆመም። አጥብቆ ሁለተኛውን አላላ፤ ያው ነው። ሦስተኛው ሲላላ ናፍጣው ተረጨ፣ ሞተሩ ተንገዳገደ፣ ቋ የሚለውም ጠፋ።

«ሦስተኛው» አለ መካኒኬ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። እኔን አላየኝም።

«ጀሪካኑ ስንት ሊትር ነበር?»

«20» አልኩ።