«መርፌ ይበላሃል እንዴ?»

«ይህን የሚያህል ጎረምሳ መርፌ ይፈራል?» አዎ፣ ይፈራል! ቁመቱ ምን አገባው፣ ጋሼ? መርፌው የሚወጋው ክንዱን እንጂ ቁመቱን አይደለም።

«መርፌ ይበላሃል እንዴ?» አይበላም። እንደማይበላ እሱም ከእርስዎ እኩል ያውቃል። ፎቢያ የሚባለው ከልክ ያለፈ ፍርሃት ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ጭንቅላት «ምንም አይደለም» እያለ ልብ ይደልቃል፣ መዳፍ ያልበዋል፣ እግር ወደ በሩ ይገሰግሳል። ምክር ቢያድን ኖሮ ራሱን መክሮ በዳነ ነበር።

«መርፌ ሲያይ የወደቀው አስመስሎ ነው!» የደም ግፊትም ያስመስላል፣ እትዬ? ሌላው ፎቢያ የልብ ምትንና ግፊትን ሽቅብ ይሰድዳል። የደምና የመርፌ ፍርሃት ግን ለብቻው ነው፤ መጀመሪያ ከፍ ያደርግና ወዲያው ቁልቁል ይለቀዋል። ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም ሲያንስ ሰውየው ይዘረራል። በአንድ ቤተሰብም ውስጥ ይደጋገማል፤ «በእኛ ዘር ፈሪ የለም» ከማለትዎ በፊት አጎትዎን ይጠይቁ።

«እሺ፣ ዘና በል በሉት!» ተሳስተዋል፤ ለዚህ ሰው እንዲያውም መወጠር ነው የሚበጀው። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ላርስ ዮራን ኦስት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያሳዩት መላ ይህ ነው፦ የክንድ፣ የእግርና የሆድ ጡንቻን ፊት ሞቅ እስኪል ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ማጥበቅ፣ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማላላት፣ 5 ጊዜ መደጋገም። ግፊቱ እንዳይወርድ ይይዘዋል። የሚወጋው ክንድ ብቻ ላላ ይበል። መድኃኒት አይገዛም፣ ቤት ውስጥ ይለማመዱታል።

«ጥሎ መያዝ ነው፤ ያኔ ይለምዳል!» ይለምዳል፣ ከክሊኒክ መሸሽን! የደም ምርመራው ይቀራል፣ ክትባቱ ይቀራል፣ የታመመውን ጥርስ ተሸክሞት ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1924 አሜሪካዊቷ ሜሪ ኮቨር ጆንስ ጥንቸል የሚፈራውን ትንሹን ፒተርን እንዴት እንዳለማመደችው ጽፋለች፤ የሚወደውን ምግብ እየበላ፣ ጥንቸሏን መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ ጠጋ፣ ከዚያ ጠጋ። በመጨረሻ ልጁ ራሱ ዳሰሳት። ዛሬም ባለሙያዎች የሚሄዱበት መንገድ ይኸው ነው፤ በታማሚው ፈቃድ፣ ደረጃ በደረጃ።

«ይጸልይ!» ይጸልይ እንጂ! ጸሎት ባለሙያ ማየትን መቼ ከለከለ?

«ፈሪ ነው፣ በቃ!» ፈሪስ እየተንቀጠቀጠ ወረፋ አይዝም።

እናንተ ነርሶች፣ እባካችሁ፣ ከመውጋታችሁ በፊት «መርፌ ሲያዩ ራስዎን ስተው ያውቃሉ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «አዎ» ካለ አስተኝታችሁ ውጉት። አንተም አብረኸው የመጣኸው፣ ስልክህን ኪስህ ክተት፤ ልትደግፈው እንጂ ልትቀርጸው አልመጣህም።